ክሩ ወደ ቀኝ

የካቲት 4

አዲሷ አውሮፕላን ዛሬ ገባች። ረጅም ነጭ ተጎታች ሣጥን ውስጥ፣ ክንፎቿ ተነቅለው በግራና በቀኟ ተደርድረው። ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ወጣ። እኔ ከሃንጋሩ በር ሳልርቅ ቆሜ አየኋት። ቆንጆ ናት፤ መካድ አልችልም። ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ አንዲት መጋጠሚያ አይታይባትም። እኔ ደግሞ መጋጠሚያው የማይታይ ነገር አላምንም። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ «ሙሽራዋ» የሚል ስም ወጣላት።

የእኔዋ «አሮጊቷ» ናት። እንጨትና ሸራ፤ ከልጄ በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጣለች። ሁለቱም ባለ አንድ መቀመጫ ናቸው፣ ሁለቱም ሞተር የላቸውም። በገመድ ተጎትተው ይወጣሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሞቀ አየር ፈልጎ ሰማይ ላይ መቆየት የአብራሪው ፋንታ ነው። ችግሩ ሃንጋሩ ነው። የማስተማሪያዋ ባለ ሁለት መቀመጫ ግማሹን ይዛዋለች፤ የቀረው ቦታ ለአንድ ብቻ ይበቃል። ከሁለቱ አንዷ ትቀመጣለች፣ ሌላዋ ክንፏ ተነቅሎ ለቴክኒክ ትምህርት ቤት ማሳያ ትሆናለች።

የበረራ ክለባችን ሰብሳቢ ትከሻዬን ይዞ፣ ሁለቱንም በየተራ እያበረርኩ እንዳነጻጽርና እስከ መጋቢት መጨረሻ ሪፖርት እንድጽፍ ጠየቀኝ። «ከጋሼ በላይ ማን ያውቃል?» አለ። ሰው ሲያሞግሰኝ ኪሴን እዳብሳለሁ። አሮጊቷን ላለፉት ሁለት ዓመታት ከእኔ በቀር ያበረራት የለም፤ እንደማዳላላት ያውቃል። ታዲያ ለምን እኔን? ወይ ሪፖርቴን «አድልቷል» ብሎ ሊጥለው ነው፣ ወይ በገዛ እጄ ሊያሰናብተኝ። እሺ አልኩት።

የካቲት 9

ሙሽራዋን በረርኩባት።

መቀመጫዋ ወንበር ሳይሆን አልጋ ነው። በጀርባ ተንጋልለህ፣ እግርህን ወደ ፊት ዘርግተህ ነው የምታበራት። መሪዋ በሁለት ጣት ይታዘዛል። ድምፅ ግን የላትም። አሮጊቷ በሰዓት ሰማንያ ኪሎ ሜትር ላይ ታፏጫለች፣ ከመቶ ስታልፍ ሸራዋ ይርገበገባል፤ ፍጥነት መለኪያውን ሳላይ ፍጥነቴን አውቃለሁ። ይቺኛዋ መቶ አርባ ላይ ዝም ነው። ዝም የሚል ሰው ምን እንደሚያስብ አይታወቅም፤ አውሮፕላንም ያው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከፊት መስታወቱ ላይ፣ መሐል ለመሐል፣ አንድ ጫፏ በፕላስተር የተለጠፈ ስንዝር የማትሞላ ቀይ የሱፍ ክር አለች። ከዚያ ሁሉ መሣሪያ እሷን ነው የማምነው። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ነፋሱ ላይ አቅንቶ ሲሄድ ክሩ ቀጥ ይላል፤ ጎኑን ሰጥቶ ሲንሸራተት ክሩ ያዘነብላል። የሚስተካከለው በእግር ነው፤ የግራና የቀኙ ፔዳል ከጭራው መሪ ጋር የተያያዘ ነውና። ተማሪ ሳለሁ መጀመሪያ የተማርኩት ይህንን ነው፤ ለልጄም መጀመሪያ ያስተማርኳት ይህንኑ ነው።

ወደ ቀኝ ዞርኩ፣ ክሩ ቀጥ። ወደ ግራ ዞርኩ፣ ክሩ ወደ ቀኝ። ደገምኩ። ወደ ቀኝ። አምስት ጊዜ። የግራውን ፔዳል ረግጫለሁ። በደንብ ረግጫለሁ።

እንደወረድኩ ለሙጫው ነገርኩት። ሙጫው የክለቡ ጠጋኝ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጣቱ ከሙጫ ስለማይጠራ ነው ስሙ የወጣለት። አሮጊቷን ከአጽሟ ተነሥተን አራት ዓመት አብረን ነው የሠራናት። ከጆሮው ላይ እርሳስ አይለይም፤ የነካውን ነገር ሁሉ ከሥሩ በእርሳስ ቀን ይጽፍበታል፣ የወርክሾፑን በር ማጠፊያ ሳይቀር። ፔዳሎቹን በእጁ ገፋ ገፋ አደረገና «ምንም አላገኘሁባትም» አለኝ። ይህን ሲል ዓይኔን አላየም። ጫማዬን ነው ያየው።

የካቲት 11

የግራ ጫማዬ ጫፍ እንደገና አልቋል። ጫማ ሰፊው «ግራው ብቻ ነው ጋሼ፣ ቀኙ እኮ ገና አዲስ ነው» አለኝ። ባለፈው የሰፋልኝ እሱ ራሱ ነው። ለግራው የማይረባ ሶል መርጦልኝ ሲያበቃ እንደ መርማሪ ይጠይቀኛል። ሌላ ጫማ ሰፊ እፈልጋለሁ።

የካቲት 16

አሮጊቷን ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ በረርኩባት። አንጀቴ ራሰ።

ለሪፖርቱ፦ ከአንድ ሺህ ሜትር ከፍታ ተነሥተው፣ በረጋ አየር፣ አሮጊቷ ሃያ ስምንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ ሙሽራዋ አርባ ሁለት። ይህ ቀልድ አይደለም፤ አልደብቀውም። ግን አሮጊቷ በሰባ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጠባብ ክብ ትሠራለች፤ ትንሽ የሞቀ አየር ስታገኝ እዚያው ተጠቅልላ ትወጣለች። ሙሽራዋ ሰፊ ክብ ትፈልጋለች፣ ትንሹን አየር አልፋው ትሄዳለች። አሮጊቷ ከፍጥነት በታች ስትሆን ቀድማ በመንቀጥቀጥ ትነግርሃለች። ሙሽራዋ በመጨረሻው ሰዓት ነው የምትናገረው። ለማረፍ አሮጊቷ የአየር ፍሬኗን ሲከፍቱላት ዘፍ ትላለች፣ መቶ ሜትር ይበቃታል። ሙሽራዋን መሬት ለማስነካት ልመና ነው።

ክሩስ? ወደ ግራም ወደ ቀኝም ስዞር ቀጥ። በጣም ቀጥ። ያው እኔ፣ ያው እግር፣ ያው ሰማይ። እንግዲህ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

ስወርድ ግራ እግሬ ጠርዙ ላይ ተደናቀፈ። ሙጫው ክንዴን ያዘኝ። ከየት እንደመጣ አላየሁትም፤ ሰሞኑን ከአውሮፕላን በወረድኩ ቁጥር አጠገቤ አይጠፋም። ምን እንደሚጠብቅ ልደርስበት ይገባል።

የካቲት 23

ያዝኳቸው።

ከወርክሾፑ ጀርባ ያለው ቧንቧ ጋ እጄን ልታጠብ ሄጄ ነው። ግድግዳው ቆርቆሮ ስለሆነ ሁሉ ነገር ይሰማል። ሰብሳቢው ነበር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «እስከ መቼ ነው የምንሸፍነው?»

ሙጫው፦ «ሪፖርቱን ይጨርስ። ራሱ ይደርስበታል።»

«ካልደረሰበትስ?»

ከዚያ በላይ ለመስማት አልቆምኩም። እጄን ሳልታጠብ ተመለስኩ። እንግዲህ ሙሽራዋ ላይ ያለውን ጉድለት ያውቃሉ፤ አውቀው ሸፍነዋል፤ እኔ እንዳልደርስበት እየጸለዩ ነው። የሰብሳቢው አይደንቀኝም፣ አዲስ ነገር ይወዳል። ሙጫው ግን ከእኔ ጋር አራት ዓመት አንድ ክንፍ ላይ ጎንበስ ብሎ የሠራ ሰው ነው። በጣም ነው የከፋኝ።

የካቲት 24

ቁርስ ላይ ባለቤቴ «ነጠላ ጫማህ ከግራ እግርህ ወልቆ ሲቀር አይታወቅህም እንዴ?» አለችኝ። ኮሪደሩ ላይ ጥዬው ሳሎን ድረስ ሄጃለሁ። ጫማው ሰፊ ነው አልኳት። «ሐኪም እንይ» አለች። የታመመ ሰው በሌለበት ቤት ማን ማንን ነው የሚያየው?

እሷ ይህን ከራሷ አላመጣችውም። ገበያ ስትወጣ ቤት ትታው የሄደችውን ስልኳን አየሁ። ነውር ነው፤ ባልና ሚስት ሆነን ሃያ ስድስት ዓመት አድርጌው አላውቅም። አየሁ። የሰብሳቢው ቁጥር አለ፤ ትናንት፣ አሥራ አንድ ደቂቃ። ስልኩን በነበረበት አኳኋን መልሼ አስቀመጥኩት፤ ቀኑን ሙሉ ግን ፊቷን ማየት አቃተኝ።

መጋቢት 2

ሙሽራዋ። ክሩ አሁንም ወደ ቀኝ።

ተገለጠልኝ፤ ክሩ ራሱ ነው የተበላሸው። ፕላስተሩ ከመሐል የወጣ መሰለኝ። ሰው ምሳ ሲሄድ መስታወቱን ወልውዬ ፕላስተሩን በግማሽ ጣት ወደ ግራ አዛወርኩት። ከሰዓት በኋላ በረርኩ፤ ወደ ግራ ስዞር ቀጥ ሊል ምንም አልቀረውም። ይኸው። የእኔ ዓይን ያላየው፣ የሙጫው እጅ ያላገኘው ግማሽ ጣት ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፤ እስቲ ማን እንደሚደነግጥ አያለሁ።

መጋቢት 3

ሰብሳቢው ሙሽራዋን በረረ። ወርዶ «ዛሬ ክሩ ግራ አጋባኝ፤ ቀጥ ብዬ እየሄድኩ ወደ ግራ ያሳየኛል» አለ። ደንግጧል! ከስተኋላ ቆሜ ሳቄን ዋጥኩ።

መጋቢት 10

የሪፖርቱ ረቂቅ አለቀ። «አዲሷ በርቀትና በፍጥነት ትበልጣለች፤ ነገር ግን ወደ ግራ ስትዞር በማይታመን ሁኔታ ትንሸራተታለች። አሮጊቷ ጠባይዋ የታወቀ፣ ለጀማሪም ለአንጋፋም የምትታመን ናት።» ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ደስ አለኝ።

ሌላ ደስታም አለ። ልጄ ባለ አንድ መቀመጫ እንድታበር ተፈቀደላት። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከመምህሯ ጋር መብረር አብቅቷታል። ሰብሳቢው በሙሽራዋ ትጀምር አለ። አይሆንም አልኩ። ልጄን እንከን በተሸፈነባት አውሮፕላን አላስቀምጥም። ከአሮጊቷ በላይ የማምነው ነገር የለኝም፤ በእሷ ነው የምትጀምረው። ረቂቁን ላሳያት ፈልጌ ከበረራዋ በኋላ ይሻላል ብዬ ተውኩት።

መጋቢት 17

ልጄ ደህና ናት። መጀመሪያ ይህን ልጻፍ፤ ደህና ናት።

ሙጫው ዛሬ የለም፤ ጥርሱን ሊነቀል ሄዷል ተባለ። ልጄ የምትበርበት ቀን ጥርሱን ማመሙ ራሱ ጠርጥር ጠርጥር ብሎኝ ነበር። ልጄ ተጎተተች፣ ወጣች፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየች። ከታች ሳያት ዙሯ አላማረኝም፤ ጭራዋን እየጎተተች ነበር። ለማረፍ ስትመጣ ነፋሱ በጎን ነበር፣ ኃይለኛም አልነበረም። አፍንጫዋ ወደ ግራ ዞሮ ቀረ። ጎማው በጎኑ ነካ፣ የግራ ክንፍ ጫፍ ሣሩን ጠረገ፣ ተሽከርክራ ቆመች። እንዴት እንደ ደረስኩ አላስታውስም፤ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ።

ራሷ መስታወቱን ከፍታ ወጣች። «አባዬ፣ ወደ ግራ ትስባለች» አለች። «ክሩ ቀጥ ብሎ የሄደበት ደቂቃ የለም። ቀኙን ፔዳል ረግጬ ረግጬ እግሬ ዛለ።»

ያን ጊዜ ማለት የነበረብኝን ሁሉ አሁን አውቀዋለሁ። ያልኩት ግን «ማን ነው ያስጠናሽ?» ነው። ሰው ሁሉ እየሰማ። ሰብሳቢው ነው? ሙጫው ነው? ሪፖርቴን ለማበላሸት ስንት ቀን ተለማመድሽ? ይህን ሁሉ አልኩ። ገና ትንፋሿ ሳይመለስ።

አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ፓራሹቷን አውልቃ እጄ ላይ አስቀመጠችና ቀስ ብላ «ክሩን እመኚ ያልከኝ አንተ ነህ» አለች። ከሰብሳቢው ጋር በመኪናው ሄደች።

መጋቢት 18

እራት ላይ ሦስታችን። ጨው አቀብለኝ እንኳ ያለ የለም።

መጋቢት 20

እንዳልተሳሳትኩ ላሳያት ብዬ ነው የሄድኩት። ይህን ሳልሸፋፍን ልጻፈው፤ ልጄን ለማሳፈር ነው ማስመሪያ ይዤ የሄድኩት። ሃንጋሩ ውስጥ ማንም አልነበረም።

አሮጊቷን ከአፍንጫዋ ጀምሬ ለካሁ። ገመዶቹ ደህና። ፔዳሎቹ ደህና። ጭራዋ ጋ ደረስኩ። በጭራው መሪ ጠርዝ ላይ ሁለት ጣት የምታህል የአሉሚኒየም ልሳን አለች። መሬት ላይ በፒንሳ ትንሽ ጠምዘዝ ከተደረገች፣ በረራ ላይ ነፋሱ መሪውን ወደ ተቃራኒው ወገን ገፍቶ ይይዘዋል። የእሷ ልክ ዜሮ ነው፤ እኔና ሙጫው ነን የገጠምናት። ማስመሪያውን አስደገፍኩ። ወደ ቀኝ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ተጠማዛለች። ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ማለት አንድ ሰው ሁልጊዜ የግራውን ፔዳል እየረገጠልኝ ነው ማለት ነው።

ጎንበስ ብዬ ከሥሯ አየሁ። የእርሳስ ጽሑፍ። ሦስት መስመር፣ ሦስት ቀን። የመጀመሪያው የዛሬ ሁለት ዓመት ሰኔ፤ ሦስት ሚሊ። ሁለተኛው አምና ኅዳር፤ ስድስት። ሦስተኛው የዚህ ዓመት ጥር 27፤ ዘጠኝ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ሰኔ ከማረፊያው ወጥቼ ሣር ውስጥ ገባሁ፤ ነፋስ ነው አልኩ። አምና ኅዳር ፔዳሉ ከብዷል ብዬ ሰው አስቸገርኩ፤ ሙጫው «ዘይት ቀባሁልህ» አለኝ፣ በማግሥቱ በርሬ እጅህ ይባረክ አልኩት። ጥርም እንደዚሁ። በታመመች ቁጥር ድና ጠበቀችኝ። የታመመችው ግን እሷ አልነበረችም።

የሙጫው ወንበር ላይ ተቀምጬ የግራ ጫማዬን አወለቅሁ። ከዚያ ቆምኩና ግድግዳውን ይዤ በቀኝ እግሬ ጣቶች ተነሣሁ፤ ተነሣልኝ። በግራዬ ሞከርኩ። ተረከዜ ከመሬት አልተላቀቀም። ደግሜ ሞከርኩ፣ ደግሜ። አምስት ጊዜ።

ሙሽራዋ ጋ ሄጄ ፕላስተሩን ወደ መሐል መለስኩ።

መጋቢት 21

ሙጫውን ለብቻው አገኘሁት። ጉንጩ አሁንም አብጧል፤ ጥርሱን እውነትም ተነቅሏል። «ልሳኗን አየኋት» አልኩት። እጁ ላይ ያለውን ብሩሽ አስቀመጠ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬህ ነበር» አለኝ። «በመጀመሪያው ጊዜ፣ እግርህን ሰው ይየው አልኩህ። ሦስት ወር አኮረፍከኝ።»

ኩርፊያውን አስታውሳለሁ። በምን እንደተጣላን ግን ረስቼው ነበር፤ ወይ መርሳት ፈልጌ ነበር።

«ብነግርህ መብረር ትተዋለህ ብዬ አልነበረም የፈራሁት» አለ። «ሌላ ጠጋኝ ትፈልጋለህ ብዬ ነው። እሱ ደግሞ አያውቅህም። ዝም ብሎ ወደ ሰማይ ይልክሃል።»

ሰብሳቢውና ባለቤቴ ስለ እግሬ ከተነጋገሩ ቆይተዋል፤ ስለ ልሳኗ የሚያውቅ ግን ከእሱ በቀር እንደሌለ ነገረኝ። «አንተ አሮጊቷን ለሌላ ሰው አትሰጥም ነበር። የአንተ ብቻ ናት ብዬ ነው። ልጅህ በሷ እንደምትበር የሰማሁት ከበረረች በኋላ ነው። ብትሞት እኔ ነበርኩ የገደልኳት።» ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና የሙጫ ሽታ ነው አለ። ጣሳው ግን ተከድኖ ነበር።

እኔም የፕላስተሩን ነገር ነገርኩት። መጀመሪያ አፈጠጠብኝ፣ ከዚያ ጉንጩን ይዞ ሳቀ፤ እያመመው ሳቀ። እሱ በቆርቆሮ፣ እኔ በፕላስተር፣ ሁለታችንም አንድ እግር ስንሸፍን ነው የከረምነው። አብረን ወጣን። እኔ ማስመሪያውን ያዝኩ፣ እሱ ፒንሳውን። ዜሮ ስትሆን እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ ለእኔ ሰጠኝ። ቀኑን እኔ ጻፍኩት።

ቤት ገብቼ ልጄን በር ላይ ጠበቅኋት። ይቅርታ ማለት አልለመደብኝም፤ ሳላድበሰብስ ሳላሰማምር አልኳት። «እግርህን አሳየኝ» አለችና ደረጃው ላይ ቁጭ አስደረገችኝ።

መጋቢት 25

ሐኪም። ከወገብ የሚወርድ ነርቭ ጫና ደርሶበታል። ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል። መኪና አይነዱም አለኝ። ሌላውን ልጠይቀው ፈልጌ ባለቤቴ ቀድማ ጠየቀችልኝ። መብረርም አይቻልም። በመንገዱ ሁሉ እጄን አልለቀቀችም፣ እኔም አላስለቀቅኋትም። ስልኳን ማየቴን ነገርኳት። አውቃለሁ አለች፤ ለካ ገልብጬ ነበር ያስቀመጥኩት።

መጋቢት 29

ሪፖርቱን እንደ አዲስ ጽፌ ጠዋት ሰጠሁ። ሙሽራዋ ትቀመጥ ብያለሁ። ርቀቷን፣ መሪዋን፣ ለማረፍ ማስቸገሯን፣ ሁሉንም በልኩ ጽፌያለሁ። አሮጊቷ ትምህርት ቤት ትሂድ፤ ልጆቹ መጋጠሚያዋን እየነኩ ይማሩባት። መጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «በግራ መዞር ላይ የታየው መንሸራተት የአዲሷ ጉድለት አይደለም። አሮጊቷም አዲሷም ወደ የትም አይስቡም። ጉድለቱ የአብራሪው የግራ እግር ነው።»

ሰብሳቢው እዚያ ላይ ሲደርስ ቆመ። «ይቺን እንኳ እናውጣት ጋሼ» አለኝ። ትቆይ አልኩት፤ ብዙ ተሸፍኛለሁ። ትከሻዬን ያዘ። ኪሴን አልዳበስኩም።

ከሰዓት በኋላ አሮጊቷ ከመሄዷ በፊት አንዴ ትውጣ ተባለ። ልጄ ገባች። እስክትነሣ ክንፏን ደግፎ አብሮ መሮጥ ድሮ የእኔ ሥራ ነበር፤ ዛሬ ሙጫው ያዘላት። እኔ ሬዲዮው አጠገብ ወንበር ተሰጠኝ። ገመዱ ጎተታት፣ ወጣች፣ ለቀቀች። ያ ፉጨቷ እስከ ወንበሬ ድረስ መጣ።

ሁለት ጊዜ ወደ ቀኝ ዞረች። ከዚያ ወደ ግራ ስታዘነብል፣ ግራ እግሬን ሣሩ ላይ ስረግጥ ራሴን ያዝኩት። ሬዲዮውን አንሥቼ ክሩ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኋት።

«ቀጥ ብሏል አባዬ።»

ከመሬት ሆኖ ክር አይታይም። አመንኳት።